ቁጥሩ ከየት መጣ?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ የማሽን ምህንድስና የምንማር የማኅበሩ ልጆች ነን። በነገራችን ላይ መሐንዲስ የሚለው ቃል በአማርኛም በዕብራይስጥም አንድ ነው፤ ሁለቱም ከዓረብኛ የወሰዱት ነው። ስለዚህ ምን እንደምንማር ለወላጆቻችን ለመንገር ማስተርጎም አላስፈለገንም። ምን እንደምንሠራ ማስረዳት ግን ሌላ ጣጣ ነው፤ ዛሬ የምንሞክረው እሱን ነው።

የምንናገረው ስለ ብረት ነው። ብረት ሲታጠፍ፣ ሲጨፈለቅ፣ ሲለጠጥ ኮምፒዩተር ውስጥ እንዴት እንደሚሰላ፣ ኮምፒዩተሩ የሚያወጣው ቁጥርስ ምን ያህል እንደሚታመን። «ይሄ ለእኛ ምን ያደርጋል?» የምትሉ እንደምትኖሩ ይገባናል። እስቲ ትንሽ ታገሡን። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የተቀመጥነው ብረትን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነን። በጎንደር አካባቢ ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ ቢላዋውን ለጎረቤቱ ሲሠሩ የኖሩት የእኛ ሰዎች ናቸው። ገበሬው በዚያ ማረሻ አርሶ እየበላ፣ ሠሪውን ደግሞ «ቡዳ» ይለው ነበር። ይህን ወላጆች ከእኛ በላይ ስለምታውቁት አንገባበትም። እኛ ከዚያ ታሪክ የምንፈልገው ሥራውን ነው።

ባለ እጁ ብረቱን በፍም አግሎ፣ በጉጠት ይዞ፣ መስፍ ላይ አድርጎ ይቀጠቅጠዋል። ብረት ሲግል ቶሎ እጅ ይሰጣል፤ የታጠፈው እንደታጠፈ ይቀራል። ቀዝቃዛ ብረት ግን ግትር ነው። አጥፈውት ሲለቁት ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ይህን ጠባዩን የሚያውቅ ሰው ከሚፈልገው ትንሽ አሳልፎ ያጥፈዋል፣ ሲመለስ ልኩ ላይ እንዲያርፍ። ስንት ያህል ያሳልፈው? እጁ ያውቃል።

የመኪና ፋብሪካ እንዲህ ዓይነት እጅ የለውም። የመኪና በር ከቆርቆሮ የሚታተመው በትልቅ ማተሚያና በከባድ የብረት ፎርማ ነው። ፎርማው እጅግ ውድ ነው፤ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ «ሁለት ሚሊሜትር ተመለሰብን፣ እንደገና እንሥራው» ማለት ብዙ ገንዘብና ብዙ ወር ያስከፍላል። ስለዚህ ፎርማው ከመሠራቱ በፊት ቆርቆሮው ኮምፒዩተር ውስጥ ይታጠፋል፣ ይለቀቃል፣ የተመለሰበት መጠን ይለካል። መኪና ከግድግዳ ጋር የሚላተመውም መጀመሪያ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። እውነተኛው መኪና ከመሰባበሩ በፊት፣ ቁጥር የሆነው መኪና ብዙ ጊዜ ተሰባብሯል።

ትንሽ ስለ ጠባዩ እንበል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ተራ የግንባታ ብረት ብትስቡት፣ እስከ አንድ ሚሊሜትር ከሩብ ገደማ ተለጥጦ ሲለቀቅ ወደነበረበት ይመለሳል። ከዚያ ካለፈ እጅ ሰጠ እንላለን፤ ያለፈው ያህል እዚያው ይቀራል፣ የቀረው ብቻ ይመለሳል። አሉሚኒየም ደግሞ ግትርነቱ የብረት አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ በጥንካሬ እኩል የሆኑ ብረትና አሉሚኒየም ብናጥፍ፣ አሉሚኒየሙ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ይመለሳል። መኪና ቀላል እንዲሆን በአሉሚኒየም መሥራት ሲመጣ ፋብሪካዎች ከተቸገሩበት ነገር አንዱ ይኸው ነው።

ታዲያ ኮምፒዩተር ብረትን እንዴት ያውቀዋል? አያውቀውም። የሚያውቀው መደመርና ማባዛት ነው። እኛ ብረቱን በሐሳብ እንቆራርጥለታለን። ቆርቆሮውን በሺህ በሚቆጠሩ ትንንሽ ቁራጮች ከፍለን፣ እያንዳንዱ ቁራጭ ጎረቤቱን ምን ያህል እንደሚገፋና እንደሚስብ ቀላል ስሌት እንሰጠዋለን። ቁራጮቹ ተያይዘው መረብ ይመስላሉ፤ ክፍል ውስጥ ሬሼት የምንለው እሱን ነው። ዘዴው በ1950ዎቹ በፈረንጅ አቆጣጠር በአሜሪካ የአውሮፕላን ክንፍ ለማስላት ከተሠራ ሥራ አድጎ የመጣ ነው፤ «ፋይናይት ኤለመንት» የሚለውን ስሙን ያወጣለት ሬይ ክላፍ የተባለ መሐንዲስ በ1960 ነው።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ቁራጩ ቀላል ስለሆነ እውነተኛውን ብረት በትክክል መምሰል አይችልም። ይጠጋጋል እንጂ። ምን ያህል እንደተጠጋ ማወቅ ነው ሥራው ሁሉ።

ለእናቶች በምጣድ እናስረዳ። ለስሌት እንዲመች ወርዱ ልክ አንድ ሜትር የሆነ ትልቅ ምጣድ አስቡ። ዙሪያውን ለመለካት ክብ ገመድ የለንም፤ ያለን ቀጥ ያለ እንጨት ብቻ ነው። ስድስት እኩል እንጨቶችን ጫፋቸው የምጣዱን ጠርዝ እንዲነካ አድርገን ውስጡ ብንደረድር ጠቅላላ ርዝመታቸው 3.0000 ሜትር ይሆናል። በ12 አጫጭር እንጨቶች ብንሠራ 3.1058፣ በ24 ብንሠራ 3.1326፣ በ48 ደግሞ 3.1394። እውነተኛው ዙሪያ 3.1416 ነው። አያችሁ፣ ክቡን በቀጥታ እንጨት ልናገኘው አንችልም፣ ግን እንጨቱን ባሳጠርን ቁጥር እንቀርበዋለን።

ከዚህ የሚበልጥ ነገርም አለ። መልሱን አስቀድመን ባናውቅስ? ከ6 ወደ 12 ስንሄድ ቁጥሩ በ0.1058 ጨመረ። ከ12 ወደ 24 በ0.0268። ከ24 ወደ 48 በ0.0068። ጭማሪው በየጊዜው ወደ አንድ አራተኛ እየወረደ ነው። ይህን ሥርዓት ካየን የቀረንን መንገድ መገመት እንችላለን፤ በዚህ ዓይነት አወራረድ የሚቀረው የመጨረሻው ጭማሪ ሢሶ ያህል ነው። በ24 ላይ ቆመን የ0.0268ን ሢሶ፣ 0.0089ን፣ ብንጨምርበት 3.1415 እናገኛለን። እንጨት ሳንጨምር ወደ እውነቱ በጣም ቀረብን ማለት ነው።

ይህን ዘዴ ለእንዲህ ዓይነት ስሌት ያዋለው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የተባለ እንግሊዛዊ ነው፤ በ1911 በድንጋይ ግድብ ውስጥ ያለውን ጫና ለማስላት። ያኔ ኮምፒዩተር የለም። ስሌቱን የሚሠሩለት በቁጥር የሚከፈላቸው ልጆች ነበሩ። ከፈጣኖቹ አንዱ በሳምንት ወደ 2,000 ስሌት ይሠራ እንደነበር ጽፏል፤ የተሳሳተው አይቆጠርለትም። የዛሬ ኮምፒዩተሮች ለተሳሳተውም ለትክክሉም እኩል ኤሌክትሪክ ይበላሉ፣ ማንም አይቀንስባቸውም።

ወደ ብረት እንመለስ። ምጣዱ ላይ ያየነው ስህተት የዋህ ነው፤ ከስድስቱ እንጨቶች እንኳ አምስት በመቶ አልጎደለብንም። ብረት ሲታጠፍ ግን ቀላሉ ቁራጭ ክፉኛ ያታልላል። አራት ማዕዘን የሆነው ተራ ቁራጭ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ መጉበጥ አይችልም። እንዲጎብጥ ሲጠየቅ ፈንታው ይንጋደዳል፣ መንጋደዱም የሌለ ጉልበት ይጠይቃል። ውጤቱ ቁራጩ ከእውነተኛው ብረት የበለጠ ግትር ሆኖ መታየቱ ነው። ምን ያህል? በወረቀት ላይ ሊሰላ ይችላል። በከፍታው በኩል አንድ ቁራጭ ብቻ አድርገን ብረቱን ብናጥፍ፣ ቁራጩ እኩል ጎን ከሆነ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ይገትራል። ርዝመቱ የከፍታው ሁለት እጥፍ ከሆነ 2.6 እጥፍ። ርዝመቱ አሥር እጥፍ ከሆነ ግን ወደ 40 እጥፍ! 40 ሚሊሜትር መጉበጥ የነበረበት ብረት ኮምፒዩተሩ ላይ አንድ ሚሊሜትር ይጎብጣል። ፕሮግራሙ ደግሞ ምንም አይልም። ቀይ መብራት የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ቀይና ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የሚያምር ሥዕል ያወጣና ከጎኑ 237.4816 ብሎ ይጽፋል።

አራቱ ከነጥብ በኋላ ያሉ ቁጥሮች ናቸው ሰውን የሚያሳምኑት። ኮምፒዩተር 16 አሃዝ ያህል ይዞ ይቆጥራል፤ ስለዚህ የተሳሳተውን መልስም በ16 አሃዝ ይሰጣል። የቁጥር ብዛትና የቁጥር ትክክለኛነት አይዛመዱም።

መፍትሔው አይከብድም። በውፍረቱ በኩል ብዙ ቁራጭ ማድረግ፣ ወይም መጉበጥ የሚችል የተሻለ ቁራጭ መምረጥ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስሌቱን ቢያንስ በሦስት መረብ መድገም፤ ሻካራ፣ መካከለኛ፣ ጥሩ። ቁጥሩ እንደ ምጣዱ እየረጋ ከመጣ እሰየው። እየዘለለ ከሄደ መልስ ገና የለንም። ቆርቆሮ ለማጠፍ በሚሠራበት የስስ ቁራጭ ስሌት ላይም ውፍረቱ በስንት ነጥብ እንደሚለካ መምረጥ አለ። ለቅርጹ 5 ነጥብ ሊበቃ ይችላል፤ የሚመለስበትን መጠን ለማወቅ ግን ብዙ ጊዜ 7 ወይም 9፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ምክንያቱም መመለሱ በቆርቆሮው ላይኛና ታችኛ ፊት መካከል ካለው ትንሽ የጫና ልዩነት የሚመጣ ነው።

ይህ የክፍል ጨዋታ አይደለም። ነሐሴ 23 ቀን 1991 በፈረንጅ አቆጣጠር ኖርዌይ ውስጥ ስታቫንገር አጠገብ፣ ስላይፕነር ኤ የተባለ የባሕር ላይ የነዳጅ ጣቢያ ግዙፍ መሠረት ባሕር ውስጥ እየተፈተነ ሳለ ሰመጠ። ከታች ሲመታ የተነሣው መንቀጥቀጥ በመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ 3.0 ሆኖ ተመዘገበ። ኪሣራው ወደ 700 ሚሊዮን ዶላር ተገመተ። መሠረቱ ውስጡ ብረት ያለበት ኮንክሪት ነበር፣ ስለዚህ ንጹሕ ብረት አይደለም፤ ዘዴው ግን ያው የእኛው የቁራጭ ዘዴ ነው። በግድግዳዎቹ መገናኛ ላይ ያለው መረብ ሻካራና የተንጋደደ ስለነበር የመቁረጥ ጫናው ከእውነተኛው 47 በመቶ አንሶ ወጣ። ግድግዳው ቀጭን ሆኖ ተሠራ፣ ውስጡ ያለው ብረትም በቂ አልነበረም። ከአደጋው በኋላ በተሻለ ጥንቃቄ እንደገና ሲሰላ፣ መሠረቱ 62 ሜትር ጥልቀት ላይ ይሰበራል የሚል መልስ ወጣ። የተሰበረው 65 ሜትር ላይ ነው። ልብ በሉ፣ ያው ሒሳብ፣ ያው ዘዴ፤ በደንብ ሲጠየቅ እውነቱን ነገራቸው። ጥያቄው የመጣው ግን ከሰመጠ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት የሆነ ሌላ ነገር አለ፤ ይህ ደግሞ ወደዚች አገር ይጠጋል። የካቲት 1991 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ብዙዎቻችሁ አዲስ አበባ ወረፋ ስትጠብቁ በነበረበት ጊዜ፣ እዚህ የስከድ ሚሳኤል ይወርድ ነበር። እሱን ለመመከት የቆመው ፓትሪዮት ጊዜን የሚቆጥረው በሰከንድ አሥረኛ ነው። አንድ አሥረኛ ደግሞ በኮምፒዩተር የሁለትዮሽ ቁጥር ሲጻፍ ማለቂያ የለውም፤ ልክ እኛ አንድ ሦስተኛን 0.3333 እያልን እንደማንጨርሰው። ስለዚህ ጫፉ ይቆረጣል። የተቆረጠው ከሰከንድ አንድ አሥር ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ምን አላት? ግን መሣሪያው ሳይጠፋ 100 ሰዓት ከቆየ አሥረኛዋ 3,600,000 ጊዜ ትቆጠራለች፤ ስህተቱም ተጠራቅሞ 0.34 ሰከንድ ይሆናል። ስከድ በዚህ ጊዜ ከ500 ሜትር በላይ ይሄዳል። እስራኤላውያኑ መሣሪያው 8 ሰዓት ሲሠራ ዕይታው በ20 በመቶ እንደሚንሸራተት አይተው የካቲት 11 መረጃውን ለአሜሪካኖቹ አድርሰው ነበር። የካቲት 25 ሳውዲ ዓረቢያ ዳህራን ላይ የነበረው ፓትሪዮት የመጣውን ስከድ ሳያገኘው ቀረ፤ 28 አሜሪካውያን ወታደሮች ሞቱ። የታረመው ፕሮግራም እዚያ የደረሰው በማግሥቱ ነው።

ይህን ያነሣነው የብረት ስሌትም በጊዜ እየተቆራረጠ ስለሚሄድ ነው። መኪና ሲላተም ግጭቱ የሚያልቀው ወደ 100 ሚሊሰከንድ በሚሆን ጊዜ ውስጥ ነው፤ ዓይን ጨፍኖ ለመግለጥ እንኳ የማይበቃ። ግን ብረት ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 5,000 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ስሌቱ ደግሞ ድምፁ አንዱን ቁራጭ አቋርጦ ከሚያልፍበት ጊዜ በላይ በአንድ እርምጃ መዝለል አይችልም። ከዘለለ ቁጥሩ ይፈነዳል። ቁራጩ 5 ሚሊሜትር ከሆነ እርምጃው የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ስለዚህ ያቺ ቅጽበት 100,000 እርምጃ ትሆናለች። ቁራጩን በግማሽ እናሳንስ ብንል፣ ጠጣር ብረት ከሆነ የቁራጩ ብዛት 8 እጥፍ፣ እርምጃውም 2 እጥፍ፣ በጠቅላላው 16 እጥፍ ሥራ ነው። በአንድ ሌሊት የሚያልቀው ስሌት የ16 ሌሊት ያህል ጊዜ ይፈጃል።

እዚህ ላይ ነው ፈተናው። ሥራው ሰኞ ይፈለጋል። ስለዚህ ሰው አቋራጭ ይፈልጋል፤ አቋራጮቹም የታወቁ ናቸው፣ ማንም ደብቆ አይሠራባቸውም። አንዱ ለትንንሾቹ ቁራጮች የሌለ ክብደት መጨመር ነው፤ ሲከብዱ ድምፁ ይዘገያል፣ እርምጃው ይረዝማል። ሌላው ቁራጩን መሐሉ ላይ በአንድ ነጥብ ብቻ መለካት ነው። ይሄኛው ከላይ ያልነውን ግትርነት ያስወግዳል፣ ፈጣንም ነው። ጉዳቱ፣ ቁራጩ እንደ አሸዋ ሰዓት ተጣሞ መሐሉ ላይ ያለው ነጥብ ምንም ሳይሰማው ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በመጨረሻ የጉልበት ሒሳብ ይጠየቃል፤ የገባው ጉልበት ስንት ነው፣ ብረቱን ያጠፈው ስንት ነው፣ በዚያ የውሸት መጣመም ላይ የዋለው ስንት ነው? ይህ የመጨረሻው ብረቱ ውስጥ ከገባው ጉልበት ከ5 እስከ 10 በመቶ ማለፍ የለበትም ይባላል። ልክ እንደ ዕድር ሒሳብ ነው፤ ገቢና ወጪ ካልተመዛዘነ ገንዘብ ያዡ መጠየቁ አይቀርም።

አንዳንዶቻችሁ «በቃ ቁራጩን ማሳነስ ነው» ትሉ ይሆናል። ሁልጊዜ አይደለም። ወደ ውስጥ የሚገባ የሾለ ማዕዘን ላይ ብረቱ እጅ እንደማይሰጥ አድርገን ካሰላን፣ መረቡን ባሳነስን ቁጥር ጫናው ይጨምራል፣ ማቆሚያም የለውም። ብረቱ መዳከምና መሰንጠቅ ሲጀምር ደግሞ ስንጥቁ የሚሆንበት ጠባብ መስመር ስፋቱ ሁልጊዜ አንድ ቁራጭ ያህል ይሆናል፤ ቁራጩን ስናሳንስ እሱም ይጠባል። መልሱ የብረቱ ሳይሆን የመረቡ ይሆናል ማለት ነው። ያኔ መረቡን መተው፣ ስለ ብረቱ የጻፍነውን ሒሳብ ራሱን ማሻሻል ያስፈልጋል። ለዚህ ደግሞ ማዕባዳ ገብቶ እውነተኛ ብረት መጎተትና መስበር ግድ ነው። ሒሳቡን በትክክል ፈታነው ወይ፣ እና ትክክለኛውን ሒሳብ ነው ወይ የፈታነው፤ እነዚህ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ አንዱ ለሌላው አይመልስም።

አሁን ለእኩዮቻችን አንድ ነገር። ባግሩት ጨርሰን፣ ጻባ ጨርሰን፣ አንዳንዶቻችን ምህንድስና እየገባን ነው። ቤታችን የተማርነው ጨዋነት ትልቅ ሰው ሲናገር ማዳመጥ ነው፤ ይህን አናፍርበትም። ግን ስብሰባ ላይ ቀለም የተቀባው ሥዕል ግድግዳው ላይ ሲበራ፣ ሃያ ዓመት የሠራ ሰው «ጫናው ይሄ ነው» ሲል፣ ከሁሉ ያነሰው ተቀጣሪ «የመረቡን ፈተና ማየት እችላለሁ?» ብሎ ቢጠይቅ ድፍረት አይባልም። ሥራው ነው። ጥያቄውን በለሰለሰ ድምፅ መጠየቅም ይቻላል፤ ያ ቁጥር የሚገባው መኪና ውስጥ የሚቀመጠው ሰው ድምፃችን ለስልሶ እንደነበር አያውቅም፣ በሩ መያዙን ብቻ ነው የሚያውቀው።

ወላጆችም አንድ ልታደርጉ የምትችሉት አለ። ልጃችሁ የትምህርት ሥራውን ሲያሳያችሁ ዕብራይስጡ ባይገባችሁም፣ ሒሳቡ ባይገባችሁም፣ «ይሄን ቁጥር በሌላ መንገድ አግኝተኸዋል?» ብላችሁ ጠይቁት። ለዚህ ዲፕሎማ አያስፈልግም። ከመለሰላችሁ ገብቶታል። ከተንተባተበ ደግሞ መሥሪያ ቤት ከሚንተባተብ እናት ቤት ቢንተባተብ ይሻላል።

አሁን ቡና ተፈልቷል። በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕና አንድ ስስ የብረት ዘንግ አስቀምጠናል። ላፕቶፑ ላይ ያው ዘንግ በሦስት መረብ ተሰልቶ ተቀምጧል፤ ሻካራው በጣም ትንሽ ነው የሚጎብጠው። መጀመሪያ ከሦስቱ የትኛው እውነት እንደሚመስላችሁ ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ ክብደቱን ዘንጉ ጫፍ ላይ ራሳችሁ ሰቅላችሁ በማስመሪያው ለኩ። ብረት የሠሩ አባቶች ካላችሁ ቅድሚያ ለእናንተ ነው።